የይመር ሜትር

ነሐሴ ነበረ። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ፣
ፒያሳን አቋርጦ፣ በየበሩ ሄዶ፣
እንደ ጎረቤት ሰው ሳያንኳኳ ይገባል፤
ይመር ሱቅ ሲደርስ ግን ቦታ አጥቶ ይቆማል።

አንድ በር ሱቅ ናት። እኛ ሠላሳ ሰው፣
ግማሹ ቆሞ ነው፣ ግማሹም ያለው
ባልተተኮሰ ኮት፣ ባልታጠፈ ሱሪ ላይ።
የመጣነው ለሩጫ ነው፣ ዐሥር ሺውን ልናይ፣
ሃያ አምስቱን ዙር ቆጥረን፣ በኛ ልጆች ልንኮራ።
ገና በአምስተኛው ዙር ጥሎን ሄደ ካሜራ።

አንድ ቀጭን ልጅ ታየ፣ ከሸንበቆ የሳሳ፣
ከአግዳሚ ዘንግ ፊት ቆሞ እጁን ሲያነሳ።
እሱ ያጨበጭባል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል።
“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሩጫው ያመልጠናል!”
አለች ጦይባ ከደጅ፣ ቆሎ የምትሸጠው፣
“ፍራሽ ላይ ሲወድቅ ሊያይ ነው ይሄ ሁሉ ሰው?”

ልጁ ሮጠ። ቀጥ ብሎ አይደለም፣
እንደ ማጭድ ጎብጦ፤
ዘንጓ ጋ ሲደርስ ዞረ፣
ጀርባውን ሰጥቶ።

እኛ አገር ጀርባ የሰጠ ሸሸ ነው የሚባል፤
ይሄ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሰማይ እያየ ያልፋል።
ምን እንዳለፈ አያይም። ዘንጓንም የሚያየው
ፍራሹ ላይ ተንጋሎ፣ ከታች ወደ ላይ ነው።

ፔዳሉ ዝም አለ።
“ስንት ነው?” አለ ይመር።
“ሁለት ሜትር ከሠላሳ አምስት።”
ከአንገቱ አወረደ ሜትር።

የደሴን ቁመት ሁሉ በልቡ ያውቃል ይመር፤
የማን ትከሻ እንደሚያዘነብል፣ የማን እግር እንደሚያጥር።
የሞተ ባሏን ቁመት የረሳች ሴት ብትመጣ
ደብተሩን ገልጦ ነው ከነወገቡ የሚያወጣ።

ሜትሩ አንድ ከሃምሳ ናት። ከመሬት ዘረጋት፣
ግድግዳውን በጥፍሩ ጫረ፣ ወንበር ወጥቶ ደገማት፤
ሰማንያ አምስት ቆጥሮ በጠመኔ አሰመረ።
በሩ ከታች ቀረ።

ዝም አልን። ከመቃኑ በላይ! ስንዝር ተኩል ያህል!
“ወላሂ ውሸት ነው! ፌንጣ ነው ወይ? አይሆንም!” ይላል
ከኋላ አንድ ድምፅ። አበጋዝን ጠሩት፣ የመናኸሪያውን ዘበኛ፣
ከይመር ደንበኞች ሁሉ በቁመት አንደኛ።
ከልማዱ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤
ቆቡን አስወለቁት። መስመሩ በሁለት ስንዝር አለፈ።
“ዝለል!” አሉት።
“በቦቲ ጫማ?” ብሎ ተቆጣ።

ልጁ ሁለቴ ስቷል። ሦስተኛዋ መጣች።
ሮጠ፣ ጎበጠ፣ ተነሣ፤
ተረከዙ ነካት፣ ዘንጓ ተንቀጠቀጠች፣
ሠላሳ ሰው ትንፋሹን ዋጠ፤
አልወደቀች። ቀረች።
ጦይባ እልል ስትል ቆሎዋን ደፋች፤
ስሙን እንኳ ለማታውቀው፣ ለሰው አገር ልጅ።

ከዚያ ከፍ አስደረጋት። ሦስቴ ሞክሮ ሦስቴ ጣላት፤
ፍራሹ ላይ ተንጋሎ ሲስቅ ባንዲራ አመጡለት።
“አሸነፈ ወይስ ወደቀ?” አለች ግራ ገብቷት።
የመለሰላት የለም።
የዚያን ቀን ሩጫ ማን እንደቀደመ
እንጃ፣ እኔ አላስታውስም።

ማታ ሁሉ ሲበተን ጃንጥላዬን ረስቼ ተመለስኩ።
መዝጊያው ገርበብ ብሏል፣ በስንጥቁ አጮለቅኩ፦
ይመር፣ ስልሳ ያለፈው፣ ጫማውን አውልቆ፣
ካውያውን ከመንገዱ ወዲያ አርቆ፣
ቁርጥራጭ ጨርቅ ከምሯል ከግድግዳው ሥር።
ከማሽኑ ተነሣ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዞር፤
ጀርባውን ሰጠ።
ከመሬት ስንዝር ቢነሣ ነው። ጨርቁ ላይ ወደቀ።
ቶሎ አልተነሣም፤
መስመሯን ከታች ወደ ላይ እያየ ቆየ።
ጃንጥላዬን ትቼ በዝናቡ ሄድኩ።

ጠዋት ለሱሪዬ መጣሁ፣ ለመስከረም ላዘዝኩት።
ወገቡን ይዞ ይሰፋል።
“ጋሽ ይመር፣ ደረሰ ወይ?” አልኩት።
ቀና አለና ከበሩ በላይ አየ።
“ገና ነው” አለኝ፣ “አልደረሰም።
ትንሽ ነች የቀረችው።”